ክራራችሁን ይዛችሁ ኑልን

ውድ የሙዚቃ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን ዋላችሁ።

እኔ ነርስ ነኝ። ዘፈን አልችልም፤ ባለቤቴ ይመሰክራል። የመጣሁት ልለምናችሁ ነው፤ ክራራችሁን ይዛችሁ ወደ ዋርድ ኑልን።

ቅዱስ ያሬድ ሲያዜም የአፄ ገብረ መስቀል ጦር እግሩ ላይ ተተክሎ፣ ደሙ እየፈሰሰ ሁለቱም ሳያውቁት ቆዩ ይባላል። ልጅ ሳለሁ ይህን ስሰማ እስቅ ነበር። ቀዶ ሕክምና ዋርድ ከተመደብኩ ወዲህ ግን አልስቅም። በ2015 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ከ70 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። በቀዶ ሕክምና ሰሞን ሙዚቃ የሰሙ ሰዎች ሕመማቸውም ጭንቀታቸውም ቀለል ብሎ ተገኝቷል። የወሰዱት ማስታገሻም አነስ ያለ ነው።

አብዛኞቹ የሰሙት ግን የተቀዳ ሙዚቃ ነው። «ታዲያ ስልክ መክፈት አይበቃም?» ትሉኝ ይሆናል። ስልክ ሰው አያይም።

አንድ ወጣት አባቱን ሊያስታምም መጣ። ክራር ይዟል፤ ጥበቃው እንዴት እንዳስገባው እስካሁን አልገባኝም። ከአባቱ ቀጥሎ የተኙ አዛውንት ስፌታቸው አሟቸው ያቃስታሉ። ልጁ አስፈቅዷቸው በጣቱ ጫፍ ትዝታ ጀመረ። ሲያስላቸው ያቆማል። ትንፋሻቸው ረጋ ሲል እሱም ያዘግማል። ትንሽ ቆይቶ አንሶላውን ጨምድዶ የያዘው እጃቸው ተፈታ። ማስታገሻውን አላስቀረሁም፣ በሰዓቱ ሰጥቻቸዋለሁ። ግን በየሩብ ሰዓቱ «ሲስተር፣ አልደረሰም እንዴ?» ይሉኝ የነበሩት ሰውዬ ያን ምሽት አልጠሩኝም።

ስትመጡ እጃችሁን ታጠቡ። ማጉያ አታምጡ፤ ማንም ድግስ አልጠራም። ዋሽንት ትንፋሽ ስለሆነ የሳንባ ነቀርሳ ክፍል አይገባም። የማሲንቆን ጭራ በአልኮል እንዴት እንደምናጸዳ እናንተው ንገሩኝ፣ እኔ አላውቅም። ጾም ከሆነ በገና የሚሻ አለ፤ ጎረቤቱ ደግሞ መንዙማ ይወድ ይሆናል። ከጎን ያለው አልጋ ላይ የሚያጣጥር ሰው ካለ ያን ቀን ይቅር።

ከሁሉ በፊት ግን ጠይቁ። «አልፈልግም» ቢሏችሁ አትቀየሙ። እኛ ዘንድ የተኛ ሰው ብዙም የሚመርጠው ነገር የለም። መርፌው በሰዓቱ ይወጋል፣ የሚበላውን ሐኪሙ ይወስንለታል፣ ሌሊት መብራቱን ሌላ ሰው ያበራበታል። ቀኑን ሙሉ እምቢ ማለት የቻለው እናንተን ብቻ ይሆናል። እሱም ደህና ነገር ነው። በሌላ ቀን ራሱ ይጠራችኋል፤ ባይጠራም አይክፋችሁ።

ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋርዱ ጸጥ ይላል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ኑ። ወንበሩን እኔ አዘጋጃለሁ።