በሚስማር የተመታችው መስኮት

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፣ ድምፁ ከገባ ይቅርታ። እንደውም የዛሬውን ወሬ ያመጣው እሱ ነው።

ያደግሁት ከራስ መኮንን ድልድይ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ በነበረ የቀበሌ ቤት ነው። ጭቃ ቤት። የባሕር ዛፍ ማገር፣ ጭድ የተቦካበት ጭቃ፣ ላዩ ቆርቆሮ። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነበር። ማታ አይጥ ሲሮጥበት እግሮቹ ጨርቁን ጎድጎድ ጎድጎድ እያደረጉ ከጥግ እስከ ጥግ ሲያልፉ ተንጋለን እናያለን። ቴሌቪዥን እስክንገዛ ድረስ የማታ ፕሮግራማችን እሱ ነበር።

ጓዳው ውስጥ ወደ ወንዙ የምታይ ትንሽ መስኮት ነበረች። ተከፍታ ግን አታውቅም፤ እማዬ ሽታው እንዳይገባ ብላ በሚስማር አስመትታታለች። ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው፦ በሩ ወደ መንገድ፣ ሽንት ቤቱና ጥራጊው ወደ ወንዝ። ስሙን እንኳ የሚጠራ አልነበረም። "ወንዙ" ነው በቃ። ክረምት ላይ ሲሞላ ደግሞ "መጣ!" ይባላል፣ ልክ እንደ ሰው።

አዲስ አበባን እንደ አንድ ከተማ እናወራታለን እንጂ ለእኔ ብዙ ትንንሽ የወንዝ ዳር ከተሞች ናት። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደዱና ከእንጦጦ ወደ ታች መውረድ ተጀመረ። መኳንንቱ በየጉብታው ቦታ ተሰጣቸው፣ ወታደሩና አሽከሩ በዙሪያቸው ሰፈረ። "ሰፈር" የምንለው ከዚያው ከመስፈር ነው። በሰፈርና በሰፈር መሃል ደግሞ ወንዝ አለ፤ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ሌላም ሌላም። ድልድይ ከሌለና ክረምት ከገባ፣ ማዶ ያለ ዘመድህን ለመጠየቅ ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ነው። ድልድዮቻችን የሰፈር ስም ሆነው የቀሩት ለዚህ ይመስለኛል፤ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ።

ከተማዋ ራሷ ልትቀር ነበር እኮ። ማገዶው ሲያልቅ አፄ ምኒልክ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ያቆያት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው፣ ያው የእኛ ቤት ማገር።

ቅርስ ሲባል የራስ ብሩ ቤት ይጠራል፤ ሙዚየም ሆኗል፣ ጥሩ ነው። ባለ እንጨት ሰገነቶቹ የፒያሳ ቤቶች ይጠራሉ። የእኛ ዓይነቱን ማን ይቆጥረዋል? ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ደረሱ። ኪራዩ እንደ ነፃ ነው። ግን ባለቤት ነኝ የሚል የለም፣ የሚያድስም የለም። አባቴ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ልቀይር ብሎ ፈቃድ ሲጠይቅ ሁለት ክረምት አለፈ። መጨረሻ ላይ ባልዲ ገዛን። ከዚያ "አርጅቷል፣ ይፍረስ" ሲባል ማን እንዳስረጀው የሚጠይቅ የለም።

2016 ላይ ፒያሳ ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያም ሌላውም ሲሄድ፣ የእኛም ሄደ። እማዬ ኮንዶሚኒየም ገባች። ውሃ የማያፈስ ቤት ነው፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሏታል። እዚያ ፎቅ ላይ ግን "ቡና ጠጡ" ብላ የምትጠራው ጎረቤት እስክታገኝ ስንት ወር ፈጀባት።

ባለፈው ይዣት ሄድኩ። ወንዙ ዳር ሣር ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ወጣቶች ፎቶ ይነሳሉ። ያምራል። ይሄን ለማየት ግን ቤቶቹ ሁሉ መሄድ ነበረባቸው? አይመስለኝም። ጥቂቱን አድሶ፣ መስኮቶቹን ወደ ወንዙ አስከፍቶ ማቆየት ይቻል ነበር።

ወንበሩ ላይ ፊታችንን ወደ ውሃው አድርገን ተቀመጥን። እማዬ ግራና ቀኝ ስታይ ቆየችና "ጓዳው እዚህ ጋ ነበር" አለች። በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍናለች።

"ይሸታል እንዴ እማ?" አልኳት።

"አይ" አለች። ነጠላውን ግን አላወረደችውም።