ወስዳ የምትመልስ ጀልባ
በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለመዝናኛ ዓሣ አጥማጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሐዋሳ ነዋሪዎች፣ ከአዳማና ከሻሸመኔ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ በተለይም ሌሊቱን ሐይቁ ላይ አድራችሁ፣ እንቅልፋችሁን ሳትጠግቡ በመካከላችን የተገኛችሁ፣ የዕለት እንጀራችሁን ከውኃ የምታወጡ ዓሣ አጥማጆች፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

እንድናገር የተጠየቅሁት ለመዝናኛ ዓሣ ማጥመድ የምትሆን፣ በሰው ትከሻ ወይም በመኪና ጣሪያ ተጭና ቤት የምትገባ ትንሽ ጀልባ እንዴት እንደምትመረጥ ነው። እኔ የጀልባ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ቅዳሜና እሑድ መንጠቆውን ይዞ ወደዚህ ሐይቅ መውጣት የለመደ፣ በዚያም ልማዱ ገንዘቡንም ኩራቱንም በተለያየ ጊዜ የከሰረ ሰው ነኝ። ጀልባ ሊገዙ አስበው ምክር የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ ሁለት ነው፤ ስንት ሰው ትይዛለች፣ ሞተሯስ ስንት የፈረስ ጉልበት ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሞተሩ እምቢ ቢል በምን ትመለሳላችሁ እላቸዋለሁ። ዛሬ የምናገረው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

ጥያቄውን ያስተማረችኝ የመጀመሪያዋ ጀልባዬ ናት። በአየር የምትነፋ ነበረች፤ ሻጩ ለአራት ሰው ትሆናለች ብሎ ምሎ ሸጠልኝ፣ እኔም አመንሁት። አንድ እሑድ ከባለቤቴ ወንድም ጋር አሸዋው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ዘርግተን እንደ ከበሮ እስክትወጠር ነፋናትና ገባን። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስተዋት ነበር፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም መንጠቆው ላይ ያደረግነውን ሊጥ ወደደልን። ወደ 8 ሰዓት ገደማ ግን ነፋስ ተነሣ። ያን ጊዜ ነው የጀልባዋ ጎን በእጄ ሲጫኑት እንደ ሊጥ የሚሰረጉድ መሆኑን ያስተዋልሁት። እኛ ወደ ዳር እንቀዝፋለን፣ ዳሩ ከእኛ ይርቃል። በመጨረሻ ከመረቡ የሚመለስ አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ በእንጨት ጀልባው ደርሶ ገመድ ወረወረልን፤ እየጎተተን ሳለ ዘወር ብሎ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ጀልባ አይደለችም፣ ፊኛ ናት» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ቆይቼ እንደተረዳሁት፣ የሆነው ነገር ተአምር አልነበረም። ፀሐይ ላይ የሞቀ አየር ይሰፋል፤ ጀልባዋ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ስታርፍ ያው አየር ይኰማተራል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ስለዚህ በአየር የምትነፋ ጀልባ ውኃ ላይ ከተቀመጠች ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ እንደገና መነፋት አለባት። በተቃራኒው ውኃ ውስጥ በሚገባ የተነፋች ጀልባ ወጥታ በቀትር ፀሐይ ከተተወች አየሩ ሰፍቶ መጋጠሚያዋን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ዳር ስትወጡ ጥቂት አየር አስተንፍሷት። የአብዛኞቹ ትንንሽ ጀልባዎች የጎን ቱቦ የሚፈልገው ግፊት ከ0.25 ባር አይበልጥም። በእጅ ዳሰሳ የሚታወቅ አይደለምና መለኪያ ያለው ፓምፕ ግዙ፤ ከጀልባዋ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሐይቃችን ልመለስ። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቀቱም ጥልቅ በሆነበት ቦታ ወደ 22 ሜትር ይደርሳል። ከባሕር ወለል ወደ 1,690 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ከምሥራቅ በኩል ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ግን የለውም። እነዚህ ነገሮች ለጂኦግራፊ ፈተና ብቻ የሚሸመደዱ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ጀልባ ስንመርጥ ይመለከቱናል። ስፋቱ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ እንዲያድግ በቂ ሜዳ ይሰጠዋል፤ ሞገዱም አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ከረጅም የባሕር ሞገድ ይልቅ ያንገላታታል። ከፍታው የሞተር ጉልበት ይቀንሳል። መውጫ ማጣቱ ደግሞ ያፈሰስነውን ነዳጅ ሁሉ እዚሁ ያስቀርብናል። ወደ ሞተሩ በኋላ እመጣለሁ።

ሰው የሚሸከማት ጀልባ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አለመሆኗንም ማንሣት እፈልጋለሁ። የጣና ታንኳ ከደንገል ታስሮ ይሠራል፤ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል። ያ ሰው ጀልባው ከሰው አቅም በላይ እንዳይከብድ አስቦ ነው የሚያስረው። ዛሬ ከውጭ የምናስመጣቸው ዓይነቶችም ከዚያ ሐሳብ የተለዩ አይደሉም፤ የተለየው ዕቃው ነው።

በአየር የምትነፋዋን አላንቋሽሽም፤ ጀልባዬ ያሳፈረችኝ በእኔ አለማወቅ ጭምር ነው። 2.70 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት እንዲህ ያለች ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ትመዝናለች፤ ማለትም ከሩብ ኩንታል እስከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ጤፍ ተሸክሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። በከረጢቷ ገብታ በባጃጅ ትሄዳለች፤ ጋራዥ ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ከምን እንደተሠራች ጠይቁ። ፒቪሲ የሚባለው ርካሹና የተለመደው ሲሆን የፀሐይ ጨረር ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፤ ሃይፓሎን የሚባለው ውድ ነው፣ ነገር ግን ፀሐይና ሙቀትን በጣም ይቋቋማል። ፒቪሲ የገዛችሁ እንደሆነ ጥላ ሥር አስቀምጧት፤ ስትበሳም ወደ ጎሚስታ አትውሰዷት። ጎሚስታው ሙያው የከመነዳሪ ነው፣ በዚያም አላማውም፤ የጎማ ማስቲሹ ግን ፒቪሲ ላይ አይዝም። ለፒቪሲ የተሠራ ማጣበቂያ ከጀልባዋ ጋር ይገዛ። አየር የሚይዙት ክፍሎችም ተለያይተው ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ይሁኑ፤ አንዱ ቢበሳ ሌላው እንዲያንሳፍፋችሁ ነው።

የዚህች ጀልባ ዋና ችግር ነፋስ ነው። ከውኃው በላይ ብዙ ጎን አላት፣ ከውኃው በታች ግን የሚይዛት ነገር የላትም፤ ስለዚህ እንደ ደረቅ ቅጠል ትነዳለች። አብረዋት የሚመጡት አጫጭር መቅዘፊያዎችም ለአሻንጉሊት የተሠሩ ይመስላሉ። ከወለሏ ሥር የሚነፋ ኪል፣ ማለትም በሆዷ መሐል ርዝመቱን የሚሄድ የአየር ቱቦ ቢኖራት አቅጣጫ ትጠብቃለች፤ ይህን ያላት ጀልባና የሌላት ጀልባ በዋጋ ብዙ ላይለያዩ ይችላሉ፣ በመመለስ ግን በጣም ይለያያሉ።

ታጣፊዋ ጀልባ ከጠንካራ ፕላስቲክ የምትሠራ ናት፤ ስትታጠፍ እንደ ወፍራም ጣውላ ሆና ፖርቶ መጋላ ላይ ትታሰራለች። አትበሳም፣ ሞገድንም ከምትነፋዋ በተሻለ ትቆርጣለች፤ መቀመጫዎቿንና የኋላ ሰሌዳዋን ለመግጠም ግን ለጀማሪ ትዕግሥት ትጠይቃለች። ካያክ ደግሞ ለብቻው መሆን ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው፤ ጠባብና ረጅም ስለሆነ በአንድ መቅዘፊያ ነፋስን ተጋፍቶ ይሄዳል፤ በዚህ ረገድ ከሁሉም እርሱን አስበልጣለሁ። አባት ልጁን ይዞ ሊወጣበት ግን አይመችም። ሆዷ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ጀልባ በረጋ ውኃ ላይ ቆማችሁ እንድትወረውሩ ትፈቅዳለች፣ ሞገድ ሲመጣ ግን ሆዷ እየተመታ ታናውጣለች፤ ብዙዎቹም ከግማሽ ኩንታል በላይ ስለሚመዝኑ ሁለት ሰው ካልሆነ አይነሡም። የእኔ ምርጫ ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ ዛሬ ያለችኝ ታጣፊዋ ናት።

ስንት ሰው ትይዛለች ለሚለው ጥያቄ የሻጩን መሐላ ትታችሁ በገዛ እጃችሁ አስሉ። ጠንካራ አካል ላላቸው ትንንሽ ጀልባዎች የታወቀ ቀላል ስሌት አለ፤ ርዝመቱንና ስፋቱን ፊት በሚባለው መለኪያ (አንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው) ለክታችሁ እርስ በርስ አባዙና ለ15 አካፍሉ። ርዝመቷ 10 ፊት፣ ስፋቷ 4 ፊት የሆነች ጀልባ 40 ሲካፈል ለ15 ማለት 2 ከምናምን ናት፤ ያ ምናምን ሰው አይደለም፣ ስለዚህ ሁለት ሰው ነው የምትይዘው። ለምትነፋዋ ይህ ስሌት አይሠራም፤ በላይዋ የተለጠፈውን የክብደት ወሰን በኪሎ አንብቡ፣ ከዚያም ላይ የሞተሩን፣ የባትሪውን፣ የመልሕቁንና የምትመኙትን ዓሣ ጭምር ቀንሱ።

ስለ ሞተር። ማንኛውም ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። በዚህ ስሌት በባሕር ዳርቻ አገር 5 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚህ ከ4 ብዙም አይበልጥም፤ ሞተራችሁ ደክሞብኛል ብላችሁ መካኒኩን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን አስቡ። ባለ ሁለት ምት የድሮ ሞተሮች ደግሞ ከሚጠጡት ነዳጅና ዘይት ጉልህ የሆነውን ድርሻ ሳያቃጥሉ ወደ ውኃው ይተፉታል፤ መውጫ በሌለው ሐይቅ ላይ ይህን መንዳት ነውር ነው እላለሁ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ከፍታ አይበግረውም፣ ድምፅ የለውም፣ ዓሣም አያሸሽም። ነገር ግን 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው የ100 አምፔር ሰዓት የተለመደ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው፤ ሙሉ ኃይል ላይ 30 አምፔር የሚስብ ሞተር ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም ሳያልፍ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ስትሄዱ ቅዘፉ፣ ባትሪውን ለመመለሻ አቆዩት። መቅዘፍ ካቃታችሁ ጀልባዋ አልሆነችላችሁም ማለት ነው።

ከጀልባዋ በፊት የሕይወት አድን ጃኬት ይገዛ። ለሚዋኝ ሰው በዳር አካባቢ 50 ኒውተን የማንሳፈፍ ኃይል ያለው ሊበቃ ይችላል፤ ዋና ለማይችል ግን 100 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ለልጅም በልጅ ኪሎ የተሠራ። ጃኬት የሚሠራው ሲለበስ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ትራስ አድርገን እንቀመጥበታለን፤ እኔም ተቀምጬበታለሁ። መልሕቅ ሁልጊዜ ከፊት ጫፍ ይታሰር፤ ከኋላ ያሰረ ሰው ሞገዱን በዝቅተኛው ጎን ይቀበላል። ገመዱም ከጥልቀቱ ቢያንስ አምስት እጥፍ ይርዘም፤ 8 ሜትር ጥልቀት ላይ 40 ሜትር ማለት ነው።

ስለ ጉማሬ እዚህ ለተሰበሰበ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ እኛም ንጋት ላይ ነው ጀልባችንን ተሸክመን የምንመጣው። በደንገሉና በቄጤማው መካከል ጀልባ አታስገቡ፤ በእርሱና በጥልቁ ውኃ መካከልም አትቁሙ። ከጉማሬው ይልቅ የምንረሳው ግን ቢልሃርዝያን ነው። የሚሸከማት ጀልባ ያለችው ሰው በየጊዜው እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይገፋታል፤ ትሉ የሚኖርባቸው ቀንድ አውጣዎች ደግሞ ልክ እዚያ፣ ሣር በበዛበት ጥልቀት አልባ ዳር ላይ ናቸው፤ ትሉም ቆዳን በስቶ ይገባል። ረጅም የጎማ ቦቲ ጀልባዋ ከምትመጣበት ዕቃ ጋር ይቆጠር፤ ሣር የሌለበትን መግቢያም ምረጡ።

በመጨረሻም ሐይቁ የማን እንደሆነ አንርሳ። ለእኛ መዝናኛ የሆነው ለብዙ ቤተሰብ ጉሮሮ ነው። ማታ የተጣለ መረብ ላይ መንጠቆ መወርወር፣ ተንሳፋፊውን ቡሽ አልፎ ሞተር መንዳት፣ መረብ ሲያዝ በቢላ ቆርጦ መሄድ የሰውን እርሻ እንደ መርገጥ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ መንጠቆ ከመወርወራችሁ በፊት ፈቃድን በሚመለከት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ሴቷ ቆሮሶ ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ አፏ ሞልቶ ያገኛችኋትን ዓሣ ቀስ ብላችሁ ወደ ውኃው መልሷት። አምባዛ ከውኃ ውጪም አየር ስቦ ብዙ ስለሚቆይ መልሶ ለመልቀቅ ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ቆሮሶ ግን አይሰጥም፤ እጃችሁን አርጥባችሁ፣ ፎቶውን አሳጥራችሁ ልቀቋት።

ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ የእኔን ታጣፊ፣ አንድ የምትነፋ ጀልባና አንድ ካያክ ዳር ላይ እናቀርባለን። ማንም ሰው ሦስቱንም ከመኪናው እስከ ውኃው ራሱ ይሸከማል፣ ራሱ ይገጥማል ወይም ይነፋል፣ ከዚያም ዳር ዳሩን አሥር ደቂቃ ይቀዝፋል። ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት፣ 4 ሰዓት ላይ እናበቃለን። ጃኬት ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ከእኛ ይወስዳል፤ ሳይለብስ ግን ማንም ውኃ ላይ አይወጣም። አመሰግናለሁ።