የጀልባ ሽቦ ስትቀይሩ አሮጌውን ቶሎ አትንቀሉት

[ምስል፦ ጠባብ የጀልባ ጓዳ፤ ኮርኒሱ ወርዶ ሽቦው ተንጠልጥሏል]

ሰላም ነው? ዛሬ የሸራ ጀልባ ውስጥ ነን። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራች፣ 9 ሜትር የምትረዝም የፋይበርግላስ ጀልባ ናት። ሽቦዋ አብሯት አርጅቷል።

ይህን ተመልከቱ። ላስቲኩ ደህና ይመስላል፣ ሲላጥ ግን መዳቡ ጠቁሯል። ጨዋማው እርጥበት በጫፉ ይገባና በቀጫጭኖቹ ክሮች መሃል እየተሳበ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ስለዚህ ጫፉን ብቻ ቆርጦ እንደገና ማሰር ብዙ አያስኬድም። የምንገዛው ክሮቹ በቆርቆሮ (ቲን) የተለበጡ ሽቦ ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን እዚህ ላይ አትሰስቱ። ያ ደረቁ የቤት ሽቦ ደግሞ በፍጹም! በሞተሩ ንዝረት ይሰበራል።

መጀመሪያ ከወደቡ የሚመጣውን መብራት ንቀሉ። ቀጥሎ ባትሪውን፣ ከኔጌቲቩ ጀምራችሁ።

[ምስል፦ ሲባጎ ከአሮጌው ሽቦ ጫፍ ጋር ሲታሰር]

አሁን ዋናው ነገር። አሮጌውን ሽቦ ጎትታችሁ እንዳታወጡት። ከቁምሳጥኖቹ ጀርባ፣ ከኮርኒሱ በላይ በየት በየት እንደሚያልፍ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ጠንካራ ሲባጎ እሰሩና በናስትሮ ጠቅልሉት፤ መጋጠሚያው እንደተቀረጸ እርሳስ እየሾለ ይሂድ፣ አለበለዚያ በየቀዳዳው ይይዛል። አንድ ሰው ከዚያ ይጎትት፣ ሌላው ከዚህ እየገፋ ያቀብል። ሲይዝ ጉልበት አትጠቀሙ፤ መለስ አድርጉት፣ አሽከርክሩት፣ እንደገና ሞክሩ። ሲባጎው ካለፈ አዲሱን ሽቦ በእሱ ሳቡ። አብሮት ሌላ ሲባጎ አስገቡና እዚያው ተዉት፣ ለሚቀጥለው ጊዜ።

ውፍረቱስ? የቪኤችኤፍ ሬዲዮውን፣ ማለትም የጀልባዋን መገናኛ ሬዲዮ፣ እንውሰድ። ድምፅ ሲልክ 5 አምፔር ገደማ ይስባል። ከባትሪው 8 ሜትር ቢርቅ፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ 16 ሜትር ብላችሁ አስቡ። በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 0.55 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ለእንዲህ ያለ ወሳኝ ዕቃ የሚፈቀደው 3 በመቶ፣ ማለትም ከ12 ቮልት 0.36 ብቻ ነው። ስለዚህ 4 ካሬ እንገዛለን።

ሽቦውን በየ45 ሳንቲሜትሩ እሰሩት፣ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ከሚጠራቀመው ውሃም አርቁት። ቀዳዳ ሲያልፍ ጎማ ይልበስ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ለኔጌቲቩ ቢጫ ምረጡ፤ ጥቁር እዚያ የ120 ቮልቱ ኤሌክትሪክ ያለበት መስመር ነው፣ መደባለቁ ሰው ይገድላል። ፊውዙ ደግሞ ከባትሪው በ18 ሳንቲሜትር ውስጥ ይግባ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ክፍል ጠባቂ የለውም፣ ስለዚህ አጭር ይሁን።

[ምስል፦ መለኪያ መሣሪያ]

ኮርኒሱን ከመመለሳችሁ በፊት ባትሪውን መልሱና ሬዲዮው እየላከ ቮልቱን ለኩ፤ አንዴ ባትሪው ላይ፣ አንዴ ሬዲዮው ጋ። ልዩነቱ ከ0.36 ከበለጠ የሆነ ቦታ የላላ መጋጠሚያ አለ። መጀመሪያ እሱን ፈልጉ፤ ኮርኒሱ ይቆይ።