«ለፋይል ነው» ሲሏችሁ

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

ስለ መድኃኒት አያያዝና ስለ ሙያ ፈቃድ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። አያያዙን ከኔ እኩል ታውቁታላችሁ። እኔ ስለ አንዲት ነርስ ልንገራችሁ።

የሌሊት ተረኞች ነበርን። ሐኪሙ 4 ሚሊግራም ሞርፊን፣ ሱስ ሊያስይዝ የሚችለውን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ፣ አዘዘ። አምፑሉ የሚይዘው 10 ሚሊግራም ነው። የተረፈው 6 ሚሊግራም ምስክር ፊት ይደፋል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ምስክሯ እኔ ነበርኩ። ሲሪንጁን መብራት ላይ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ስትደፋው በዓይኔ አየሁ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ልፈርም ስል ከአልጋ 9 ጩኸት ተሰማ። የሰውየው ልብ ቆሞ ነበር። ተያይዘን ሮጥን። መዝገቡን እዚያው ረሳነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ቆጠራ ተደረገ፤ ባዶዋ መስመር ተገኘች። አለቆቿ ጠርተው ወረቀት ሰጧት። «የሆነውን ብቻ ጻፊ፤ ለፋይል ነው» አሏት። እሷ እኔን አማከረችኝ። «እውነቱን ጽፈሽ ምን ትሆኛለሽ? ጻፊውና ይለቅልሽ» አልኳት።

ሦስት ገጽ ጻፈች። ድካሟን ጻፈች። በዚያ ሳምንት አራተኛ ሌሊቷ እንደነበር ጻፈች። «ከዚህ በፊትም ጥድፊያ ሲሆን ፊርማ ዘግይቶብኝ ያውቃል» ብላ ጨመረችበት። ማን ጠየቃት? ማንም! ከአራት ወር በኋላ የፈቃድ ቦርዱ ደብዳቤ ሲመጣ ያቺው ዓረፍተ ነገር ክስ ሆና መጣች፤ «ጥፋቱ ተደጋጋሚ መሆኑን በራሷ ቃል አምናለች» ይላል። እኔም ቀርቤ ሲደፋ ማየቴን መሰከርኩ። የፈረመችው ወረቀት ግን ከኔ ቃል በለጠ። ፈቃዷ ለአንድ ዓመት ታገደ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሙያው አልተመለሰችም።

ለፋይል ነው! የማን ፋይል? የመሥሪያ ቤቱ የሕግ ባለሙያ የሚቆመው ለመሥሪያ ቤቱ ነው። ትሁት ሰው ሊሆን ይችላል። የእናንተ ጠበቃ ግን አይደለም። ሐኪም ጠበቃ ይዞ ሲገባ «አስተዋይ» ይባላል። ነርስ ጠበቃ ላማክር ስትል «ምን የደበቀችው ነገር ቢኖር ነው?» ትባላለች። ይሄ ያንገበግበኛል! እንጀራችን የተንጠለጠለበትን ፈቃድ ሊነጥቁን ሲመጡ ብቻችንን ግቡ የሚለን ማነው?

አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ነርሷ ራዶንዳ ቮት በ2017 ማረጋጊያውን ሚዳዞላም ልትሰጥ ጡንቻ የሚያሽመደምደውን ቬኩሮኒየም ሰጠች፤ በሽተኛዋ ሞቱ። ስህተቷን አልደበቀችም። የግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት መጀመሪያ እርምጃ አያስፈልግም ብሎ ጉዳዩን ዘግቶት ነበር። በኋላ ተከፈተ። በ2021 ፈቃዷ ተሰረዘ፤ በ2022 በወንጀል ጥፋተኛ ተባለች። ለመርማሪዎች የሰጠችው ቃልም ችሎት ላይ ተሰማ። ያለቀ የሚመስል ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል፤ የሰጣችሁት ቃልም አብሮ ይመጣል።

ደብቁ አላልኩም። ስህተት ሲፈጠር ለሐኪሙ ወዲያው ንገሩ፤ የሰጣችሁትን የበሽተኛው የሕክምና መዝገብ ላይ አስፍሩ። ይሄ የበሽተኛው መብት ነው፣ ድርድር የለውም። የተረሳ ነገር ካለ ዘግይቶ የተጻፈ መሆኑን ገልጻችሁ፣ የጻፋችሁበትን ሰዓት አስቀምጣችሁ ጨምሩ። የድሮውን አትነካኩ። ስለ ራሳችሁ የምትጽፉት ማብራሪያ ግን ሌላ ነገር ነው። «ጠበቃ አማክሬ በጽሑፍ እመልሳለሁ» በሉ። በትሕትና በሉት፤ ግን በሉት።

ሌላው፣ የቦርዱ ደብዳቤ የመልስ ቀነ ገደብ አለው። ፈርታችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። የሙያ መድን ያላችሁ ውሉን አንብቡ፤ የካሳ ክስን ሸፍኖ የፈቃድ ጉዳይን የማይሸፍን አለ። ጠበቃ ስትመርጡ በቦርድ ፊት የቆመ ይሁን። «ተስማምተሽ ፈርሚና ይለቅ» የሚባለውም ስምምነት ስማችሁ ላይ ለዓመታት ሊቀር ይችላል። በሱስ ተይዞ መድኃኒት የወሰደ ባልደረባ ካለም ሕክምናም ጠበቃም ያስፈልገዋል፤ ፊታችንን አናዙርበት።

ዛሬ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ማኅበራችን የሕግ ድጋፍ ፈንድ ያቋቁም። አንዲት ነርስ በዚያች ሌሊት ደውላ የምታማክረው ሰው ይኑር፤ እንደኔ ያለ የማያውቅ ጓደኛ ሳይሆን የሕግ ሰው። የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰቢያው በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስገባ የመጀመሪያው መስመር ላይ ፈርሜያለሁ።

አመሰግናለሁ።