እኔን ያስቀድመኝ

እሺ... ዛሬ አንድ መጽሐፍ ነው የያዘኝ። የአሜሪካዊውን ደራሲ የዶን ደሊሎን «ኋይት ኖይዝ» የተባለ ልቦለድ ጨረስኩት፤ እሱ ግን አልለቀቀኝም።

አንድ ቦታ አለ። ባልና ሚስቱ፣ ጃክና ባቤት፣ ማን ቀድሞ ይሞታል የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይመጣባቸዋል። ባቤት እኔ ልቅደም ትላለች። አንተ ከሌለህ ኑሮው አይገፋልኝም ነው ነገሩ። ጃክም እኔ ልቅደም ይላል። ይከራከራሉ! ያንተ መሞት ይብሳል፣ የለም ያንቺ ይብሳል። ከዚያ ጃክ ለእኛ ብቻ እውነቱን ያወጣል። መቅደም አይፈልግም። ከሞትና ከብቸኝነት ምረጥ ቢባል ለመወሰን ጊዜ አይፈጅበትም። ግን ብቻውን መቅረትም አይፈልግም።

ደግሜ አነበብኩት። ዋሻት እንዴ? ሲነግራት የነበረው ፍቅር እኮ እውነት ነው፣ ያስታውቃል።

ደግሞ ይሄ ሰውዬ... አንድ የሥራ ባልደረባው አርጅተሃል፣ ምንም አትመስልም ዓይነት ነገር ሲለው ምን አደረገ? ቤተሰቡን ይዞ ገበያ አዳራሽ ገባ። ገዛ፣ ገዛ፣ ገዛ። ደስ አለው! በኋላ ከተማቸው አጠገብ በአደጋ የተለቀቀ መርዛማ ጋዝ ሲነካውና ሞት ሲቀርበው ደግሞ ዕቃውን ከየጓዳው እያወጣ ይጥላል። መጽሐፉ የወጣው በፈረንጆቹ 1985 መጀመሪያ ነው፤ ሕንድ ውስጥ ቦፓል ላይ ያ ሁሉ ሰው በጋዝ ካለቀ ገና ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላ። ይሄን ሳስብ ይዘገንነኛል።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ባቤት። እኔ ልቅደም ስትል የነበረችው ባቤት፣ ለካ የሞት ፍርሃት ያጠፋል የተባለ ኪኒን ተደብቃ ትወስዳለች። ያውም የማይሠራ ኪኒን። ከሁሉም በላይ የምትፈራው እሷ ናት። እዚህ ጋ አለቀስኩ።

እማዬን ታውቋታላችሁ። ቡና ላይ አባዬን ሁሌ «እኔን ያስቀድመኝ» ትለዋለች። እሱ «ተይ እንጂ!» ብሎ ይቆጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ምርቃት ነበር የምሰማው። አሁን ግን... ትፈራ ይሆን? ማታ ማታ፣ እሱ ሲተኛ? ጠይቀናት አናውቅም እኮ። ማናችንም።

እሁድ እነሱ ጋ እሄዳለሁ። እጠይቃት ይሆናል። አባዬ በሌለበት ነው የሚሻለው። ወይስ እሱም ቢሰማ? እሱስ... እሱን ማን ጠይቆት ያውቃል? እንጃ። ብቻ...