ኤክስ መንቀሳቀስ ስትጀምር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬም ከጅማ ነኝ። ከኋላዬ የምትሰሙት ድምፅ ዝናብ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀን ቢቀረውም የጅማ ሰማይ ገና አልጨረሰም፣ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር። አላባራም፤ እንደዚሁ እንቀጥል።

የዛሬውን ጉዳይ ያመጡት ጎረቤታችን ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ጠጣ ብለው ጠሩኝ። ቶናው ላይ ስንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅቷ በመስከረም 10ኛ ክፍል ልትገባ ነው። ሒሳቡ ከባድ ነው ይላሉ። ምንድን ነው የሚጠብቃት? እኔ እንደሆን ከ6ኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ልረዳት አልችልም» አሉኝ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። አንገቷን ደፍታለች።

ያንን አንገት መድፋት አውቀዋለሁ። እኔ 10ኛ ክፍል እያለሁ ከ20 የሚታረም የሒሳብ ፈተና ላይ 7 አመጣሁ። መምህሩ ወረቀቱን ሲመልስልኝ ክፍሉ በሙሉ እየሰማ «አንተ ለሒሳብ አልተፈጠርክም» አለኝ። የትምህርት ቤቱንም የሰውየውንም ስም አልጠራም። ቃሉ ግን ውስጤ ገብቶ ቀረ። አመንኩት። ወረቀቱን እንደገና ቁጭ ብዬ ያየሁት ከዓመት በኋላ ነው። ከጠፉት 13 ነጥቦች አብዛኞቹ በአዲሱ ትምህርት የጠፉ አልነበሩም። አንዱ ጋ የተረሳ የመቀነስ ምልክት አለ። አንዱ ጋ በትክክል ያልተደመረ ክፍልፋይ አለ። አንዱ ጋ ቅንፍ ሲፈታ ሁለተኛው ቁጥር ሳይባዛ ቀርቷል። ሁሉም የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ነገሮች ናቸው። የ10ኛው ትምህርትማ ገብቶኝ ነበር! ይህን ግን ማንም አልነገረኝም።

አሁን ልጆች አስጠናለሁ፤ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ያንን ወረቀት በየዓመቱ በሌላ ልጅ የእጅ ጽሑፍ አየዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ለዚያች ልጅና እንደ እሷ በመስከረም 10ኛ ክፍል ለምትገቡ ሁሉ ነው።

መጀመሪያ ምን እንዳለበት በአጭሩ። ፋንክሽን አለ። ፖሊኖሚያል አለ። ኤክስፖኔንሻልና ሎጋሪዝም አለ። ትሪጎኖሜትሪ አለ። ከዚያ ወደ ክብ፣ ወደ ጠጣር ቅርጾችና ወደ ኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪ ይሄዳል። እኛ ሁሉንም በአንድ መጽሐፍ እንማራለን። አሜሪካኖች ግን የአልጀብራውን ክፍል ነጥለው «አልጀብራ 2» ብለው ያስተምሩታል። ይህን የምነግራችሁ ለጥቅማችሁ ነው። ዩቲዩብ ላይ ወይም ካን አካዳሚ ላይ ስትፈልጉ በዚያ ስም ብትፈልጉ የእናንተን ርዕስ በብዛት ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኤክስን እስከ ዛሬ እንዴት ነበር የምታውቋት? ተደብቃ የምትፈለግ አንድ ቁጥር ነበረች። ኤክስ ሲደመር 5 እኩል ይሆናል 12። ፈለጋችኋት፣ 7 ሆና ተገኘች፣ አለቀ። በአማርኛ ሒሳብ ስሟ «ተለዋዋጭ» ነው። ግን እስከ አሁን መቼ ተለወጠችና? ቆማ ትጠብቃችሁ ነበር። 10ኛ ክፍል ላይ ስሟን ታገኛለች፣ መንቀሳቀስ ትጀምራለች። ጥያቄው «ኤክስ ስንት ናት?» መሆኑ ይቀርና «ኤክስ ስትጨምር ያኛው ምን ይሆናል?» ይሆናል። ይህ ለውጥ ሳይነገራቸው የሚያልፋቸው ልጆች ናቸው ዓመቱን ሙሉ የሚደናገሩት። መልስ እየፈለጉ ነው፤ ጥያቄው ግን ስለ ግንኙነት ነው።

ፋንክሽን ማለት ይኸው ግንኙነት ነው። እኛ የቡና አገር ልጆች ስለሆንን በቡና እናስበው። እሸት ቡና ታስገባላችሁ፣ ንጹህ ቡና ይወጣል። ከ6 ኪሎ ገደማ እሸት 1 ኪሎ ንጹህ ቡና ይወጣል ብላችሁ ያዙ። 60 ኪሎ ብታስገቡ 10 ይወጣል። 120 ብታስገቡ 20። የሚገባው ኤክስ ነው፣ የሚወጣው ኤፍ ኦፍ ኤክስ ነው። ብዙ ልጅ ኤፍ ሲባዛ በኤክስ ይመስለዋል። አይደለም፣ ማባዛት የለበትም። ኤፍ ማለት ሥራው ነው፣ መፈልፈሉ ነው። ዶሜይን የሚሉት ማስገባት የሚቻለው ነገር ነው፤ ከዜሮ በታች እሸት ማስገባት አይቻልም። ሬንጅ የሚሉት ሊወጣ የሚችለው ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ እነዚህን ቃላት ሲጽፍ እሸቱን አስቡ።

ቅዳሜ ዕለት ለልጅቷ ያሳየኋት ሌላ ነገር ነበር። እናቷ ለዶሮዎቻቸው ከግድግዳው ጋር የተያያዘ አጥር ሊሠሩ አስበው 40 ሜትር ሽቦ ገዝተዋል። አንዱን ጎን ግድግዳው ስለሚይዘው ሽቦው የሚያጥረው ሦስቱን ጎን ነው። «ዶሮዎቹ በጣም ሰፊ ቦታ እንዲያገኙ ምን ያህል ወደ ውጭ ይውጣ?» አልኳት። ደብተሯን አመጣች። ወደ ውጭ የሚወጣውን ኤክስ አልነው። ሁለት ጎን ስለሆነ ሁለት ኤክስ ሄደ። ለፊተኛው ጎን የሚቀረው 40 ሲቀነስ ሁለት ኤክስ ነው። ስፋቱ የሁለቱ ብዜት።

«5 ሞክሪ» አልኳት። ፊቱ 30 ሜትር ሆነ፣ ስፋቱ 150 ካሬ። «8 ሞክሪ።» 24 ሲባዛ በ8፣ 192። እያደገ ነው። ከዚያ ሳልነግራት ራሷ 12 ላይ ዘለለች። 16 ሲባዛ በ12። ጻፈች። ቆመች። ቁጥሩን በጣቷ ነካች። «ጋሼ፣ ይሄም 192 ነው!» ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና አባዛችው። ያው 192። ደብተሩን ትኩር ብላ አየችና «እንግዲህ መሀላቸው ነው» አለች። 10። ፊቱ 20 ሜትር፣ ስፋቱ 200 ካሬ። ከዚያ በላይ በዚያ ሽቦ አይገኝም።

ፓራቦላ የሚሉት ይኸው ነው። ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ በወጣበት ልክ ይወርዳል። ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ ስለዚህ እኩል የሆኑ ሁለት ነጥቦች ካገኛችሁ ጫፉ መሀላቸው ነው። መጽሐፉ ይህን በቀመር ይሰጣችኋል፣ ነጌቲቭ ቢ ሲካፈል ለሁለት ኤ ብሎ፤ ኤ ከኤክስ ካሬ ፊት ያለው ቁጥር ነው፣ ቢ ከኤክስ ፊት ያለው። ቀመሩ ትክክል ነው፣ ያዙት። እሷ ግን ከቀመሩ በፊት በጣቷ አገኘችው፤ እና የምትረሳው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ላክልበት። እኔ ያኔ የተቀመጥኩት በጅማ በርጩማ ላይ ነበር። ከአንድ ግንድ የሚጠረበው፣ ሦስት እግር ያለው ታውቁታላችሁ። ሦስት እግር ስለሆነ ወለሉ ቢጎረብጥም አይነቃነቅም። ፓራቦላም እንደዚያ ነው፤ ኤክስ ቦታቸው የተለያየ ሦስት ነጥብ ከያዛችሁለት ሌላ የትም መሄድ አይችልም። ሁለት ነጥብ ብቻ ከሰጣችሁት ግን በሁለቱ ላይ የሚያልፉ ስንትና ስንት ፓራቦላዎች አሉ። ቀጥታ መስመር ሁለት ይበቃዋል፣ እሱ ሦስት ይፈልጋል።

ሎጋሪዝም ላይ ልጆች ከስሙ ነው የሚሸሹት። ስሙን እርሱት። ጥያቄው አንድ ነው፦ 2ን ስንት ጊዜ ደርድሬ ባባዛው 8 ይሆናል? 3። ሎጋሪዝም ማለት ይህች 3 ናት። ርቢዋን መጠየቅ ነው፣ የኤክስፖነንት ተገላቢጦሽ። ጆን ኔፒየር የሚባል ስኮትላንዳዊ በፈረንጆች 1614 ያወጣው ካልኩሌተር በሌለበት ዘመን ማባዛትን ወደ መደመር ለማቅለል ነው። ዛሬ የት ይሠራል ካላችሁ፣ በ2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን ሌሊት ከፎቅ እየወረዱ ሲደውሉልን የነበረውን አስታውሱ። ሬክተር ስኬል ስንል የነበረው መለኪያ የሎጋሪዝም መለኪያ ነው። ከ5 ወደ 6 ሲሄድ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። የመሬቱ ንቅናቄ ግን 10 እጥፍ ነው፣ የሚለቀቀው ኃይል ደግሞ ወደ 32 እጥፍ። ወይም ባንክ ውሰዱ። 10 ሺህ ብር በዓመት 7 በመቶ እየወለደ፣ ወለዱም እየወለደ ቢቀመጥ በ10 ዓመት 19,671 ብር ይሆናል። መቼ ነው እጥፍ የሚሆነው? ከ10 ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ። ያንን «መቼ» የሚመልሰው ሎጋሪዝም ነው።

ትሪጎኖሜትሪን ዛሬ አልነካውም። ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል።

አሁን እኔን ወደሚያሳስበኝ ልመለስ። አልጀብራ የሚለው ቃል የመጣው አል-ኽዋሪዝሚ የተባለው ሊቅ በፈረንጆች 820 አካባቢ ባግዳድ ላይ ከጻፈው ነው። «አል-ጀብር» በዓረብኛ የተሰበረን መጠገን፣ ወደ ቦታው መመለስ ነው። አጥንት መጠገንም በዚያው ቃል ይጠራል። የእኛ ወጌሻ የሚሠራው ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ማስጠናቴ ተለወጠ። ወጌሻ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ የተሰበረበትን ቦታ ያገኛል። እግሩ ለተሰበረ ሰው ትከሻውን አያሽም።

የ10ኛ ክፍል ስብራት የት እንደሆነ እኔ ከዳሰስኩት ልንገራችሁ። ኤክስ ሲደመር 3፣ ሁሉም ዳግም ርቢ ሲባል፣ ኤክስ ካሬ ሲደመር 9 ብሎ መጻፍ። በቁጥር ሞክሩት፤ 2 ሲደመር 3፣ 5 ነው፣ ካሬው 25። 4 ሲደመር 9 ግን 13 ነው። 12ቱ የት ሄደ? የመሀለኛው ተረስቷል፣ ሁለት ጊዜ 2 ጊዜ 3። ሌላው፣ ሁለቱንም ወገን በኤክስ አካፍሎ ዜሮ የምትባለዋን መልስ መጣል። ሌላው የመቀነስ ምልክት ነው፣ የእኔው የድሮ ጠላት፤ ቅንፍ ፊት ሲቆም ውስጥ ያለውን ሁሉ ይገለብጣል፣ የመጀመሪያውን ብቻ አይደለም።

ደግሞ ቋንቋው አለ። ይህ የልጆቹ ጥፋት አይደለም። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ 9ኛ ላይ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። 10ኛ ሲደርስ ገና አንድ ዓመቱ ነው። «ፋይቭ ለስ ዛን ኤክስ» ሲባል እንደሰማው 5 ሲቀነስ ኤክስ ብሎ ይጽፋል። ትክክሉ ኤክስ ሲቀነስ 5 ነው። «አት ሞስት» ሲባል ትልቁን ይፈልጋል፤ «ቢበዛ» ማለት እንደሆነ የነገረው የለም። ሒሳቡን እያወቀ በቃሉ ይወድቃል። የደብተራችሁን የመጨረሻ ገጾች ለእንደዚህ ዓይነት ቃላት ተዉ። ትርጉሙን በምታስቡበት ቋንቋ ጻፉት፣ በየትኛውም ይሁን።

እኛ ስንማር 10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበረው። አሁን የለም፤ ስለዚህ ብዙ ቤት ውስጥ ዓመቱ እንደ ማለፊያ ይታያል። ግን የ11ኛና የ12ኛ ሒሳብ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። በ2015 መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 4 እንኳ አልሞሉም። የዚያን ሰሞን የብዙ ልጆችን ፊት አይቻለሁ። እነዚያ ልጆች 12ኛ ላይ አልወደቁም፣ ቀደም ብሎ የተሰበረው ሳይጠገንላቸው አልፈው ነው።

ለጎረቤታችን «እትዬ፣ መርዳትማ ይችላሉ» አልኳቸው። «ማታ ማታ ደብተሯን ያስከፍቷት። አንዱን ነገር ያሳዩአትና ምንድን ነው ይበሏት። እስኪገባዎ ድረስ ታስረዳዎ።» ሳቁ። «እኔ ምን ገብቶኝ?» አሉ። ግን በረካው ሳይቀዳ ደብተሩን ሳብ አደረጉት። ጣታቸውን ኤፍ ኦፍ ኤክስ ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

ልጅቷ እኔን አየች። ዝም አልኩ። ከዚያ በጓዳው በር በኩል የሚታየውን የቡና ኬሻ አየች።

«እማ፣ እሸት አስገባሽ እንበል…» ብላ ጀመረች።