ግዕዝ ልናጠና መጥተን ላቲን ለምን እንፈተናለን?

እንደምን አመሻችሁ፣ በዚህ ብርድ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። መቼም እዚህ ካላችሁት ውስጥ የድሮውን የኢትዮጵያ ታሪክ ወይ ግዕዝን በማስተርስና በፒኤችዲ ልትማሩ ያሰባችሁ አላችሁ፣ የመካከለኛው ዘመን ጥናት ዲፓርትመንቱ ገና ከመግባታችሁ "የላቲን ፕሌስመንት (የደረጃ መመደቢያ) ፈተና አለባችሁ" ሲላችሁ "እኔ የመጣሁት ለግዕዝ፣ ላቲን ምን ያደርግልኛል" ብሎ የሚከፋው ብዙ ነው።

እኔ ግን ከማንም በላይ ለኛ ይጠቅመናል ባይ ነኝ። ጀርመናዊው ምሁር ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ላይፕዚግ ላይ ያሳተመው ትልቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት እስከዛሬ ከምሁራን እጅ አልወጣም፣ ፍቺው ግን በላቲን ነው። ሌላው ጀርመናዊ ሉዶልፍ ከመካነ ሥላሴው ኢትዮጵያዊ ካህን ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክም በላቲን ነው፣ ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ እንኳን በ1904 ገድለ ያሬድን ሲያሳትም የተረጎመው ወደ ላቲን ነው። የራሳችንን ያሬድ ሌላው ሲተነትነው እኛ ማንበብ አቅቶን በር ላይ ስንቆም በጣም ያንገበግበኛል! እዚሁ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ግዕዝ እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ዘፋኙ አቤል ተስፋዬ (ዘ ዊክንድ) 50 ሺህ ዶላር ሰጥቷል፣ ኮሚውኒቲውም አዋጥቷል፣ በሩ ከተከፈተ እስከ ጓዳው መግባት አለብን።

ፈተናው ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም። አይታችሁት የማታውቁትን ጽሑፍ ይሰጧችኋል፣ ዜና መዋዕል ሊሆን ይችላል፣ ስብከት ሊሆን ይችላል፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ያወቃችሁት ‹ሚሂ› (ለእኔ) ደግሞ ‹ሚኪ› ሆኖ ‹ኒሂል› (ምንም) ‹ኒኪል› ሆኖ ይመጣል፣ የመካከለኛው ዘመን ጸሐፊዎች እንደዛ ነበር የሚጽፉት። ፕሌስመንት ግን የትኛው ክላስ እንደምትገቡ ነው የሚወስነው፣ ታች ቢመድቧችሁም ማንም ከትምህርት ቤት አያባርራችሁም፣ እንቅልፍ አትጡበት።

ደሞ ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም እኮ። ላቲን ግሱን አረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲያመጣው እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይጨነቃል፣ እኛ አማርኛ ስናወራ የኖርነው ግሱን እየጠበቅን ነው። ቅኔ ቤት የገባችሁማ ባለቤቱንና ተሳቢውን ከቃሉ መድረሻ መለየት ለምዳችኋል፣ ግዕዝ ‹ቤት› ተሳቢ ሲሆን ‹ቤተ› እንደሚለው ላቲንም ‹ፖርታ› (በር) የነበረውን ‹ፖርታም› ይለዋል፣ በቃ ያው ሥራ ነው።

ዳዊት የምትደግሙ ደግሞ እባካችሁ የላቲኑን ዳዊት ክፈቱ። 50ኛው መዝሙር ላይ እኛ ‹ተሣሃለኒ እግዚኦ› ስንል እነሱ ‹ሚሴሬሬ ሜኢ ዴኡስ› ይላሉ፣ አብዛኛው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ 51 ሲለው የላቲኑ ቁጥር ከኛ ጋር ይገጥማል። ትርጉሙን በልባችሁ ስለምታውቁት የሚቀራችሁ ግራመሩ ብቻ ነው፣ ፈተና ላይ የሚመጡት ጸሐፊዎችም ከመጽሐፍ ቅዱሱ እየጠቀሱ ስለሚጽፉ በጣም ታተርፉበታላችሁ። እኔ ለማንም የምመክረው በቀን ትንሽ ትንሽ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው፣ ሰመሩን ሙሉ የቃላት እርባታ ሰንጠረዥ ከመሸምደድ ይሄ ይሻላል።

ለሴፕቴምበር የምትፈተኑ እንዳትሄዱብኝ፣ በየሳምንቱ አብረን ልናነብ ስላሰብን ወረቀቱ እዛ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ስማችሁን ጻፉ፣ ከመዝሙር 1 እንጀምራለን። አመሰግናለሁ።